መኪናው የቆመበት መሬት

ያን ክረምት እንቅልፍ የነሳኝ የጎማ ነገር ነው ብል ሰው ይስቅብኛል። ያውም በእጅ የሚነካ፣ ጎሚስታ የሚነፋው ጎማ ቢሆን ደግ ነበር። የእኔ ጎማ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ፣ ከቁጥር ተሠርቶ በቁጥር ጭቃ ላይ የሚሽከረከር ጎማ ነው።

ድሮም ጭንቀታም ነኝ። በር ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ጓንጉላውን ካልነካሁ አልሄድም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ልብስ ከገመድ ላይ የምታወርጂ» ትለኝ ነበር። የማሽን ምህንድስና የተማርኩትም ለዚሁ ጠባዬ ይበጃል ብዬ ይመስለኛል፤ ማሽን ያለውን ይላል፣ የሌለውን አይልም ብዬ። አሁን መካነ ሰላም ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፤ ጭንቀቱም አብሮኝ ያስተምራል።

ታናሽ እህቴ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። የምትሠራው ከከተማው ወደ ወግዲ በሚወስደው በኩል ገባ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው፤ እዚያው አግብታ እዚያው ጎጆ ወጥታለች። በኮረኮንቹ መንገድና በቀበሌዋ መካከል የዋልካ ሜዳ ተዘርግቷል። በበጋ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የሰው እግር ያስገባል፤ ክረምት ሲገባ ያው ጥቁር አፈር ሊጥ ይሆናል። ስለዚህ በክረምት አምቡላንሱ የሚመጣው ከሜዳው አፋፍ ላይ እስካለችው ወይራ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የቅሬው ሥራ ነው። ቅሬ የሰፈሩ ማኅበር ነው፤ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ድግስ ሲሆን ያግዛል፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ደግሞ በቃሬዛ ተሸክሞ ሜዳውን ያሻግራል። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ነው።

አንድ ቀን የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እማስተምርበት ግቢ ድረስ መጣ። አዲስ አምቡላንስ መጥቶልናል፣ ጉልበተኛ ነው፣ አራቱም እግር ይሠራል አለ። ተገቢው ጎማ ቢገጠምለት ሜዳውን አቋርጦ ሰው ደጅ ይደርሳል ወይስ አይደርስም? እናንተ በኮምፒውተር የምታዩበት መንገድ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እስቲ እዩልን።

እሺ አልኩ። ማን ይሙት፣ ለሕዝብ ብዬ አልነበረም። እህቴ ያኔ አምስት ወሯ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ ቀኗ ነሐሴ ላይ ይውላል። ነሐሴና ያ ሜዳ አብረው ሲታሰቡኝ ከአልጋዬ ተነስቼ ጓንጉላውን እነካ ነበር። ሜዳው በመኪና የሚታለፍ ከሆነ እኔም ልተኛ ነው፤ የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው።

ለኮምፒውተር «ጎማ እንዲህ ነው» ብሎ የሚነግረው ነገር ሞዴል ይባላል፤ ጭንቀቴም ከእሱ ምርጫ ጀመረ። በእጄ የነበረው አንድ ነው፤ መሐንዲሶች ራሳቸው «አስማተኛው ቀመር» ይሉታል። ጎማን አስፋልት ላይ ፈትነው ያገኙትን ውጤት በአንድ ቀመር ያጠቃለለ ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግራፉም ያምራል። አምቡላንሱን ሰጠሁት። ሜዳውን ሽው ብሎ አለፈው፤ ሰርገኛ መኪና ነው የሚመስለው። ደስ ሊለኝ ሲል ነቃሁ። ይኼ ሞዴል መሬት ይሰምጣል የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅም፤ ለእሱ መሬት ማለት ጠረጴዛ ነው።

ሌላው ደግሞ አፈሩን ቅንጣት በቅንጣት የሚቆጥር ነው። እያንዳንዷ ቅንጣት ጎረቤቷን ስትገፋ፣ ስትንሸራተት፣ አንድ በአንድ ያሰላል። ወደድኩት፤ ልብ የሚያሳርፍ መሰለኝ። ነገር ግን ጎማው አንዴ እስኪዞር ኮምፒውተሩ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይጠፋ አይቆይም። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

የመረጥኩት መካከለኛውን ነው። ክብ የብረት ሳህን አፈሩ ላይ ታደርግና ትጫነዋለህ። በዚህ ያህል ጭነት ይህን ያህል ሰመጠ ትላለህ። ደግሞ ትጠመዝዘውና አፈሩ በስንት ጉልበት እንደሚለቅ ታያለህ። ከዚያ ጎማው ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚሰምጥና ምን ያህል እንደሚጎትት ሞዴሉ ያወጣዋል። ለስላሳ መሬት ለሚሄድ መኪና ትክክለኛው ምርጫ ይኼ ነበር፤ ዛሬም ብጠየቅ ይኼንኑ እላለሁ። ችግሩ አፈሩን ሄዶ መለካት ይፈልጋል፤ ያልለካኸውን አያውቅልህም።

የአምቡላንሱ ሾፌር ጢሙ የሸበተ፣ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ምን እየሠራሁ እንደሆነ ስነግራቸው አስማተኛው ቀመር ላይ ስደርስ አቋረጡኝ።

«አስተግፊሩላህ! ከጠንቋይ ነው እንዴ የምትጠይቁት?»

«ስሙ ነው እንጂ ሒሳብ ነው፣ ጋሼ።»

«ሒሳብሽ ጥርስ ያውቃል?» አሉኝ ወደ ጎማው እየጠቆሙ። «ዋልካ ጎማ ይይዛል ይላል የማያውቅ። ጎማው ነው ዋልካውን የሚለብሰው። ሁለቴ ሲዞር ጥርሱ መሐል ይሞላና መላጣ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጥርስ ያለው ጎማ ብትገዢ ያው ነው።»

እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ጎማዬ ንጹሕ ጥርሱን ገጥጦ ነበር የሚሄደው። ተመልሼ ሁለት ዙር ከዞረ በኋላ ጥርሱ እንዲጠፋ አደረግኩት፤ መኪናዋም ወዲያው ደከመች። እኔ ግን ኩራት ተሰማኝ። ከዚህ በላይ ምን ይጠረጠራል፣ ሾፌሩን እንኳ ጠይቄያለሁ አልኩ።

ለመለካት የሄድነው ሐምሌ መግቢያ ላይ ነው፤ ዝናቡ ጀማምሮ መሬቱ ጠጥቷል። ሳህኑን ብየዳ ቤት አሠርቼዋለሁ። የሚጫነው ጎማ ሲቀየር መኪና በሚያነሱበት ክሪክ ነው፤ ክሪኩን ሳህኑ ላይ አቁመን፣ ጫፉን ከመኪናው ሻንሲ ሥር አስደግፈን ስንነቀንቀው፣ የመኪናው ክብደት ሳህኑን ወደ መሬት ይገፋዋል። ብልሃቱን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ በጣም ኮርቼበት ነበር።

እህቴ ያን ቀን ሕፃናት ልትከትብ ወደ ሌላ ጎጥ ሄዳ አልነበረችም። የተቀበሉን የቅሬው መሪ፣ ዳኛው ናቸው። ቀጠን ያሉ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ከትከሻቸው የማያወርዱ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። ከኋላቸው የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ወጥቷል። አንዱ ዣንጥላ ያዘልኝ፣ አንዱ ከጫማዬ ላይ ጭቃ በእንጨት ይፍቅልኛል። እንዲህ ያለ ክብር ገጥሞኝ አያውቅም፤ ፊቴ ሁሉ ፈገግታ ሆነ።

«ኸዚህ በኩል፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «መኪናዋን በሣሩ ጠርዝ ይዘሻት ነይ።»

ጋሼ በሣሩ ጠርዝ ነዱ። ትንሽ ገባ ብሎ ሣር የለበሰ ደልዳላ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ «ይኸው ሜዳው፣ ለኪ» ተባልኩ። ለካሁ። በአምስት በአምስት እርምጃ እየተራቅኩ ሦስት ቦታ ለካሁ። ሳህኑ አራት ጣት ያህል ይሰምጥና ቀጥ ይላል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። ሦስት ልኬት አንድ ሲሆን መሐንዲስ እንዴት ደስ እንደሚለው የማያውቅ አያውቅም።

ጋሼ በያዙት ዱላ ጫፍ መሬቱን ሲወጉ ቆዩና «እህት ዓለም፣ መሐሉንስ?» አሉኝ።

«መሐሉ ጋ መኪናው ካልገባ በምን እጫነዋለሁ? ደግሞ ደመናው እየመጣ ነው።»

«አንቺ ታውቂያለሽ» አሉ።

ሽማግሌውን ቀና ብዬ አየኋቸው። ወደ ደመናው እያዩ ነበር። ክሪኩን ጭነን ተመለስን።

ቁጥሩን ለሞዴሉ ሰጠሁት። ጎማው ሰፋ ያለ የጭቃ ጎማ ከሆነ፣ ንፋሱ ዝቅ ካለ፣ ጥርሱም እንኳ ቢሞላ፣ ያልፋል። በደንብ ያልፋል አላለም፤ ያልፋል ግን አለ። ጻፍኩት። «በተለካው አፈር ላይ» የሚል ቃል ጨምሬበታለሁ። ያንን ቃል ማንም አላነበበውም፤ እኔም እንዲነበብ አድርጌ አልጻፍኩትም።

ጎማው ተገጠመ። ቀበሌው ተሰብስቦ አምቡላንሱ ከእንግዲህ ደጅ ድረስ እንደሚመጣ፣ ቅሬው ለወላድ መውጣት እንደማያስፈልገው ተነገረ። እህቴ በዕቅዷ መሠረት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከጤና ጣቢያው አጠገብ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ልትመጣ ነበር። ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ መኪናው ደጄ ከመጣ ምን አስቸኮለኝ? እዚህ ቀናቸው የደረሰ ሦስት ሴቶች አሉ፤ ጥያቸው የት እሄዳለሁ?»

«ነይ ግዴለም። ለምን አትመጪም? እኔ ጋ ታርፊያለሽ።»

«ምን ሆነሻል? የለካሽው አንቺ አይደለሽ? ሰው በገዛ እህቱ ካላመነ በማን ሊያምን ነው?» ብላ ሳቀች።

ምን ልበላት? በራሴ ሥራ አላምንም ልበላት? ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አላገኘሁም። ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ የክረምት ተማሪዎቼን ትቼ ከክፍል ወጥቼ ሰማይ አያለሁ። ሞዴሉን ደጋግሜ አስኬደዋለሁ፤ ክብደት እጨምራለሁ፣ ንፋስ እቀንሳለሁ፤ ያልፋል ይለኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ ልቡ ይረጋ ነበር። እኔ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ እንደገና አስኬደዋለሁ። የት ጋ እንደምጠረጥር ብቻ አላውቅም ነበር።

ፍልሰታ እንደገባ ደወለች። ስለ ጀርባዋ ሕመም፣ ስለ እግሯ እብጠት አወራን። ከዚያ ዝም ብላ በወሬ መሐል እንዲህ አለች፦

«ዘንድሮስ ዝናቡ ጉድ ነው። ሜዳው በሞላ ውሃ ነው፤ ከውሃ ያመለጠችው ያቺ እናንተ የለካችሁባት አውድማ ብቻ ናት።»

«ምን? የት ነው የለካነው?»

«አውድማው ላይ ነዋ። ጤፍ የሚወቃበት። የመኪናችሁ ዱካ እኮ አሁንም አለ።»

አውድማ! በየዓመቱ በእበት የሚለቀለቅ፣ በሬ ሲዞርበት የሚከርም፣ ውሃ እንዳይተኛበት ተብሎ ሲጀመር ከፍ ያለ ቦታ ተመርጦለት የሚበጅ። ለስንት ዘመን የተረገጠ መሬት ላይ ቆሜ ነው ሜዳውን ለካሁ ያልኩት። እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ አውድማ ሲለቀልቅ እበቱን ያቦካሁ እኔ ነኝ። ሣር ስለለበሰ ሳላውቀው ቀረሁ።

ደግሞ ሌላው ገባኝ፤ የባሰው። ክሪኩ መኪና ይፈልጋል። ስለዚህ መለካት የምችለው መኪና ሊቆምበት የሚችል መሬት ብቻ ነበር። መኪና የማይቆምበትን መሬት የምለካበት መንገድ አልነበረኝም። ያ የኮራሁበት ብልሃት ገና ከመጀመሪያው «ያልፋል» ከሚል መልስ በቀር ሌላ ሊሰጠኝ አይችልም ነበር።

«ስሚኝ» አልኳት። «ነገ በበቅሎም ቢሆን ነይ። ያልኩሽን እርሺው፣ አያልፍም።» እህቴ «ኧረ እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ስትጨነቂ...» ስትል ኔትወርኩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ የለም። ማታም የለም። በማግስቱም የለም።

ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ለስብሰባ ሊወጣ ነበር። «መምህርት፣ ቁጥር ቁጥር ነው፤ ትናንት ያልፋል ያለ ዛሬ አያልፍም ይላል እንዴ?» አለኝ። በጽሑፍ አምጪው፣ ስመለስ አየዋለሁ አለ። ጋሼን ፈለግኳቸው፤ ታማሚ ይዘው ደሴ ሄደዋል። ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልወረደልኝም፤ ጾም ነውና ሰው አላወቀብኝም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጋሼ መኪናውን ግቢው በር ላይ አቁመው ጥሩንባ ነፉ። ከመስኮት ሳያቸው ነገሩን ከፊታቸው አወቅሁት።

«ነይ ግቢ፣ እህት ዓለም። ከቀበሌ ኔትወርክ ያለበት ድረስ ሰው ልከው ነው የተደወለው። እህትሽ ናት። ከሌሊት ጀምሮ ይዟታል።»

ጠመኔ በያዘ እጄ ገባሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ኮረኮንቹን ትንሽ እንደሄድን አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ የለካሁት አውድማ ላይ ነው።»

ማርሽ ቀየሩ። ከዚያ «ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!»

«ነግሬሻለሁ። መሐሉንስ አልኩሽ። ከዚያ በላይ ኮምፒውተር የያዘ ሰው ምን ይባላል?» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀምን» አሉ። ለቀምሽ አላሉኝም። ለዚያች «ለቀምን» ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ወይራዋ ሥር ደረስን፤ ቆሙ። ሜዳው ከፊታችን ነው። ጥቁሩ መሬት ሁሉ ውሃ ቋጥሯል። በስተግራ፣ ሣሩ ጠርዝ አጠገብ፣ አንዲት ክብ ደረቅ ቦታ ብቻ ወጥታ ትታያለች። ክብነቷ እንደዚያ ፍጥጥ ብሎ እየታየ ያን ቀን እንዴት እንዳላየሁት እንጃ።

ጋሼ ወርደው ዱላቸውን ሜዳው ላይ ተከሉት። ሳይገፉት ወረደ። ሲነቅሉት ግማሹ ጥቁር ነበር። ተመልሰው ገቡና ሞተሩን ሳያጠፉ እጃቸውን ማርሹ ላይ አድርገው ዞረው አዩኝ።

«ያልፋል ካልሽ እገባለሁ። አያልፍም ካልሽ እቆማለሁ። መሪው የኔ ነው፤ ቃሉ ግን ያንቺ ነው።»

እንደዚያች ደቂቃ ያለ ጭንቅ አላውቅም። ብንቆም ማን ያመጣታል? ቅሬውን የበተንኩት እኔ ነኝ፣ በአንዲት ቃል። ብንገባና መሐል ላይ ብንሰምጥ ደግሞ አምቡላንሱም የለ፣ እሷም የለች። አንድ ልቤ ግቡ በይ ይለኛል፤ ምናልባት ሞዴሉ ልክ ቢሆንስ፣ ምናልባት ጎማው ቢጎትትስ። እህቴ ደጇ ላይ ሆና የመኪና ድምፅ ስትጠብቅ ታየችኝ። ምናልባት ብሎ ነገር ሰው ይገድላል አልኩ ለራሴ።

«አይግቡ» አልኩ። «ተሳስቻለሁ። አያልፍም።»

ሞተሩን አጠፉ። እኔ በሩን ከፍቼ ወረድኩና ሜዳው ውስጥ ገባሁ። በእግሬ ልደርስባት ነው፤ ደርሼ ምን ላደርግ እንደሆነ አላሰብኩም። አምስተኛው እርምጃ ላይ አንዱ ጫማዬ እዚያው ቀረ። አሥረኛው ላይ እስከ ጉልበቴ ነበርኩ። መውጣትም መግባትም አቅቶኝ ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሼ ከኋላዬ «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ ወደዚያ እዪ» አሉኝ።

ከሜዳው ማዶ ሰዎች ይታያሉ። አንድ ሁለት አይደሉም። በሁለት ረድፍ ሆነው ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ መሐላቸው ላይ በነጭ ጋቢ የተሸፈነ ቃሬዛ አለ። ከፊት ከፊት በዱላቸው እየወጉ መንገድ የሚመርጡት ሽማግሌው የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቀጥ ብለው አይመጡም፤ እንደ እባብ እየዞሩ፣ ድንበር ድንበሩን፣ ሣር ሣሩን እየረገጡ ነው። ይኼን መንገድ የትኛውም ኮምፒውተር ውስጥ አላየሁትም። ሲቀርቡ ድምፃቸው ተሰማኝ፤ ግማሹ «ያ ረቢ» ግማሹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል። ሸክሙን ግን አንድ ላይ ነው የሚያነሱት።

አንዱ ከጭቃው ጎትቶ አወጣኝና ከቃሬዛው ጎን ሄድኩ። የእህቴ ፊት አመድ መስሏል። እጄን ስትይዘው አጥንቴ ተንቋቋ። ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት ዓይኗን ገልጣ «ያልፋል አላልሽም ነበር?» አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ ዝም ብላ ስትጠይቀኝ ነው። ግንባሯን በእጅጌዬ ጠረግኩላት።

ጋሼና አራት ሰዎች ተሸክመው መኪናው ውስጥ እስኪያስገቧት ሽማግሌው አጠገቤ ቆመው ይተነፍሳሉ። ጭቃው እስከ ወገባቸው ነው።

«አባባ፣ ቅሬው አይውጣ ተብሎ አልነበረም?»

«ተብሏል።»

«ታዲያ?»

«አውድማ ላይ ቁመሽ የጻፍሽውን እኛ እንዴት ብለን እንመን፣ ልጄ? ቃሬዛውን አንድ ቀን አልፈታነው።»

«እያወቁ ነው እዚያ የወሰዱኝ? እህቴ እኮ ልትሞት ነበር!»

«መንገዱ አይሆንም ከተባለ መኪናዋን ለሌላ ቀበሌ ይሰጧታል አሉን የወረዳ ሰዎች። እስከ ወይራው የምትመጣዋንም ልንነጠቅ ነው?» ዱላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «አንቺ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነሽ። አውድማ ይጠፋታል ብለን አላሰብንም። ዝም ብለሽ ስትለኪ፣ ገብቷት ነው፣ ለእኛ አዝና ነው አልን። ስንመርቅሽ ነው የከረምነው።»

መኪናው ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

ደረስን። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። አዋላጇ ወጥታ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ስትለኝ ኮሪደሩ ላይ በአንድ እግር ጫማ እንደቆምኩ ነበር። ጋሼ ከውጭ፣ ጎማው ወይራዋ ሥር የለበሰውን ዋልካ በባዶ እጃቸው ሲያራግፉ አገኘኋቸው። ጥርሱ አይታይም ነበር።

ሁለተኛውን ሪፖርት በሳምንቱ ሰጠሁ። አያልፍም ብዬ ጻፍኩ። መኪናዋ እስከ ወይራው መምጣቷ እንዳይቀር፣ ቅሬውም እንዳይበተን፣ እሱን ደግሞ ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፍኩት። መኪናዋ እስካሁን አልተነጠቀችም። እንደማትነጠቅ ግን ማንም ቃል አልሰጠኝም፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እሱን ነው የማስበው።

በዓመቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ መሐሉን ልለካ ተመልሼ ሄድኩ። መኪና ወይራዋ ሥር ቀረ። ሳህኑን በምን እንደምጫነው ሳስብ የከረምኩትን ለሽማግሌው ነገርኳቸው። አላሰቡበትም፤ ወደ አንዱ ቤት ገብተው ቃሬዛውን አስወጡና ጠፍሩን ፈቱት። ሁለቱን ረጃጅም እንጨቶች ሜዳው መሐል ድረስ ተሸክመው መጡ። እንጨቶቹን ሳህኑ ላይ አጋድመን፣ የቅሬው ሰዎች በግራና በቀኝ አንድ በአንድ እየጨመሩ ተንጠለጠሉበት። እኔ ማስመሪያውን ይዤ ተንበረከክሁ። በሁለት ሰው አራት ጣት ወረደ። በአራት ሰው ሳህኑ ከዓይኔ ጠፋ። መውረዱን አላቆመም።

«ይኸው» አሉ ሽማግሌው ከበላዬ ቆመው። «ይኼን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ሌላ ቦታ፣ ደግሞ ሌላ ቦታ ልለካ ፈልጌ ነበር። ሽማግሌው ግን ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩና ሰዎቹን እንጨቱን አንሡ አሏቸው።

«ነገ ትጨርሺዋለሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «ቃሬዛው ሳይታሰር አያድርም። ወሯ የገባ ሴት አለች።»